ለአንድ ምሽት ሥዕል 50 ግርፋት፦ ጭንብል ቴአትርን በጥቁር ቀለም የሣለው ካዋናቤ ኪዮሳይ

ጊዜው 1870 ነው፣ ወሩም ኦክቶበር (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምንጽፍላችሁ)። ቶኪዮ ውስጥ ኡዬኖ በሚባል ሰፈር፣ ሺኖባዙ ከተባለው ኩሬ ዳር አንድ ግብዣ ደርቷል። ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ተሰብስበው ይጠጣሉ፤ እንግዳው ይህን ሣሉልኝ ሲላቸው ደግሞ እዚያው፣ ሰው ዓይን ፊት ይሥላሉ። ከመሃላቸው አንዱ ያን ምሽት ከሁሉም በላይ ጠጥቷል። ስካሩ ግን እጁን አልያዘውም። ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ ባለሥልጣናቱ ላይ የሚያሾፍ ሥዕል አወረደው። ሰው ሳቀ። የመንግሥት ሰዎች ግን አልሳቁም፤ እዚያው ይዘው ወሰዱት።

እስከ ቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ታሰረ። ሲፈታም እንዲሁ አልለቀቁትም፤ 50 ግርፋት ገረፉትና አሰናበቱት።

ይህ ሰው ካዋናቤ ኪዮሳይ ነው። ዛሬ የእሱን ሕይወት ልናካፍላችሁ የወደድነው በግርፋቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ስለ ጃፓን ሥዕል ስናወራ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዱን ትልቅ ማዕበል ነው፣ የሆኩሳይን። ኪዮሳይ ከሆኩሳይ ቀጥሎ የመጣ ትውልድ ሰው ነው፤ ደግሞም ጭንብል አጥልቀው የሚጫወቱትን የድሮ ቴአትር ከውጭ ሆኖ ሳይሆን ከውስጥ፣ ራሱ መድረክ ላይ እየወጣ የሣለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሠዓሊ ብዙ አይገኝም።

የተወለደው በግንቦት ወር 1831 ኮጋ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሳሙራይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ገባና በእሳት አደጋ ተከላካይነት ተቀጠረ። ልጁ ገና 3 ዓመቱ ሳለ እንቁራሪት አይቶ ሣለ ይባላል። እንቁራሪቷን ያዙልን፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ለሥዕል መምህር የተሰጠው በ7 ዓመቱ ነው። (በጊዜው ጃፓን ልጅ ሲወለድ አንድ ብሎ ስለሚጀምር፣ በእኛ አቆጣጠር 6 ማለት ነው።) መምህሩ ኩኒዮሺ ነበር፤ ጦረኞችንና ጭራቆችን በእንጨት ሕትመት በመሥራት ስሙ የገነነው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ። ኩኒዮሺ ጋ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሰው ሲጣላ፣ ሲታገል፣ ሲወድቅ ሰውነቱ እንዴት እንደሚሆን የማየት ፍቅር ግን እዚያው ተጋባበት።

አሁን የምንነግራችሁ ታሪክ ትንሽ ይሰቀጥጣል። ልጁ 9 ዓመቱ ሲሆን ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል። ወንዙ ዳር ሲሄድ የተቆረጠ የሰው ራስ አገኘ። ሌላ ልጅ ቢሆን እየጮኸ ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን ራሱን አንሥቶ ቤት ይዞት መጣ! ለምን ብትሉ፣ ሊሥለው። ቤተሰቡ ሲደርስበት ደንግጦ መልሰህ ወንዙ ውስጥ ጣል አለው። እሺ ብሎ ወጣ፤ ከመጣሉ በፊት ግን ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ በደንብ ሣለው።

ሌላም አለ። በ1846 ቤታቸው በእሳት ሲያያዝ ቤተሰቡ ዕቃ ለማውጣት ሲራወጥ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ልጅ ወረቀት ይዞ እሳቱን ይሥል ነበር። እናቱን ብንሆን ምን እንደምናደርገው እናውቃለን። ግን ይህ ልጅ ዓይኑ ያየውን ነገር ትቶ ማለፍ አይችልም ነበር፤ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ጥፋቱም ጭምር፣ ከዚህ ይነሣል።

ከኩኒዮሺ በኋላ የገባው ካኖ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ነው። ካኖ ማለት ለሾገኖቹና ለመሳፍንቱ ቤተ መንግሥት የሚሥሉ ሠዓሊዎች ወገን ነው፤ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፣ ተማሪው ዓመታት ሙሉ የቀደሙትን ሥራዎች እየገለበጠ ነው የሚማረው። መምህሩ ማኤሙራ ቶዋ ይህን ልጅ ሲያይ የሥዕል ጋኔን የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ ተከትሎታል። ትምህርቱን ጨርሶ የወጣው በ1849፣ ገና አፍላ ወጣት ሳለ ነው።

እዚህ ካኖ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ከጭንብል ቴአትሩ ጋር የተገናኘው።

ስለ ቴአትሩ ትንሽ እንበል፤ ያለዚያ ሥዕሎቹ አይገቡንም። ኖ የሚባለው የጃፓን ቴአትር ከ600 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሣለ አንድ የጥድ ዛፍ፣ ከግራ ደግሞ ተዋናዩ የሚገባበት የድልድይ መንገድ አለ፤ በቃ። ዋናው ተዋናይ ከእንጨት የተጠረበ ጭንብል ያደርጋል። ጭንብሉ ከሰው ፊት ትንሽ ስለሚያንስ የተዋናዩ አገጭ ከሥር ይታያል። የዓይኑ ቀዳዳም ጠባብ ነው፤ ተዋናዩ የቆመበትን ቦታ የሚያውቀው የመድረኩን ምሰሶዎች እያየ ነው።

የሚገርመው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭንብል አይንቀሳቀስም አይደል? እንጨት ነዋ። ግን ተዋናዩ አንገቱን በትንሹ ቀና ሲያደርግ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፍና ጭንብሉ ፈገግ ያለ ይመስላል። በትንሹ ዝቅ ሲያደርግ ጥላ ይወርድበትና ያዝናል። ጃፓኖቹ የመጀመሪያውን ማብራት፣ ሁለተኛውን ደመና ማልበስ ይሉታል። እንግዲህ ይህችን የጣት ስፋት የማትሞላ ልዩነት በወረቀት ላይ ለማስቀረት ሞክሩ!

ከኖ ጋር አንድ መድረክ ላይ የሚቀርብ ሌላም ጨዋታ አለ፤ ኪዮጌን ይባላል። አጭር፣ አስቂኝ ነው። ብልጥ አሽከር፣ ሞኝ ጌታ፣ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ይበዙበታል። እዚህ አብዛኛው ተዋናይ ጭንብል የለውም፤ ዝንጀሮ፣ ቀበሮ ወይም ጋኔን ሲሆን ግን ያደርጋል። ኪዮሳይ የተማረው ይህን ነው፤ ኦኩራ በሚባለው የኪዮጌን ወገን ገብቶ ተማረ፣ ልብሱን ለብሶ መድረክ ላይም ወጣ።

ለትምህርቱ ማን ከፈለት የሚለው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከካኖ ቤተሰብ አንዲት አረጋዊት እመቤት ነበሩ፤ ቴአትሩን በጣም የሚወዱ። ድሃው ተማሪ እንዲማር ወጪውን የሸፈኑለት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ደግሞ ሳንባሶ የሚባለውን ውዝዋዜ ሲችል ሊያሳያቸው ቃል ገባ። ሳንባሶ ቀላል ነገር አይደለም። የበረከትና የመልካም ምርት ውዝዋዜ ነው፤ የኪዮጌን ተዋናይ ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ ያለ ጭንብል መሬቱን በእግሩ እየደቃ ይዘልላል፤ ከዚያ እዚያው መድረክ ላይ ጥቁር የሽማግሌ ጭንብል ያደርግና ቃጭል ይዞ ዘር እንደሚዘራ ሰው ይዞራል። ኪዮሳይ ሳንባሶን ቻለ፤ እመቤቲቱ ግን ሳያዩለት ሞቱ። ታዲያ ቃሉን አላጠፈም። መቃብራቸው ፊት ቆሞ ውዝዋዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተላቸው ተብሎ ይተረካል።

በሕይወቱ ሙሉ ሳንባሶን ደጋግሞ ሣለ። ከሥዕሎቹ ፊት ስንቆም ይህን ታሪክ መርሳት ያቅተናል።

የሚሠራበት ቀለም ጥላሸት ከሙጫ ጋር ተቦክቶ የደረቀ ዱላ ነው፤ ድንጋይ ላይ በውኃ እየፈጩ ያዘጋጁታል። ውኃው ሲበዛ ግራጫ ይሆናል፣ ሲያንስ ድቅድቅ ጥቁር። ወረቀቱ ወዲያው ስለሚጠጣው መደለዝ የለም፣ ማጥፋት የለም። አንዴ የወረደ መስመር ወረደ ነው። ኖን ከሣሉት መካከል ብዙዎቹ ልብሱን ነው የሚሥሉት፤ ልብሱ በእርግጥ ያምራልና አንፈርድባቸውም። ኪዮሳይ ግን ከልብሱ ሥር ያለውን ሰውነት ያውቀዋል። እጅጌው ለምን በዚያ በኩል እንደወጣ፣ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ ተረከዙ ከወለሉ በስንት እንደተነሣ በራሱ ጉልበት ያውቃል። ሾጆ የሚባለውን ቀይ ፀጉር ያለውን፣ ሳኬ ጠጥቶ የሚጨፍረውን የባሕር መንፈስም ይሥል ነበር። በአንዳንድ ፊርማዎቹ ላይ ራሱን ሾጆ ኪዮሳይ እያለ ይጽፋል፤ ጠጪነቱን እሱም አልደበቀውም ማለት ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሊሥል ያሰበውን ነገር እያየ አይሥልም ነበር። ወፍ ከሆነ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ዞር ይልና ያስታወሰውን ብቻ ይሥላል። ትውስታው ሲያልቅ ብሩሹን ያስቀምጣል፤ ወፉ እንደገና ያንኑ አኳኋን እስኪያሳየው ይጠብቃል። እኛ ኮንሰርት ላይ ስልካችንን ከፍ አድርገን ሁለት ሰዓት ቀርጸን፣ ማግስቱ ምን እንዳየን የማናስታውስ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1855 ኤዶን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በጃፓኖች እምነት መሬት የሚያናውጠው ከሥር ያለ ትልቅ አምባዛ ዓሣ ነው። ኪዮሳይ ካናጋኪ ሮቡን ከሚባል ጸሐፊ ወዳጁ ጋር ሆኖ በአምባዛው ላይ የሚቀልድ ሕትመት አወጣ፤ ገበያው ጥሩ ነበር፣ ስሙም ወጣ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1874፣ እነዚሁ ሁለቱ የጃፓን የመጀመሪያው የማንጋ መጽሔት ተብሎ የሚጠቀሰውን አሳትመዋል። ብዙ አልቆየም፤ ግን ማንጋ የምታነቡ ሁሉ የአባቶቻችሁን ስም ብታውቁ አይከፋም።

በመሃል አገሪቱ ተገለበጠች። በ1868 ሾገኖቹ ወደቁ፣ ኤዶ ቶኪዮ ተባለች፣ አዲሱ መንግሥት ፊቱን ወደ ምዕራቡ አዞረ። ይህ ለኖ ሰዎች መቅሰፍት ነበር። ለዘመናት ቀለባቸውን የሚሰፍሩላቸው ሾገኖቹና መሳፍንቱ ነበሩ፤ እነሱ ሲወድቁ ቀለቡም ቆመ። ተዋንያኑ ሌላ ሥራ ፍለጋ ተበተኑ። ኡሜዋካ ሚኖሩን የመሳሰሉ ጥቂቶች ባይጸኑ ኖሮ ዛሬ ስለ ኖ የምናወራው በመጽሐፍ ብቻ ይሆን ነበር። ካኖዎቹም ያው ናቸው፤ የቤተ መንግሥት ደንበኛ ያጣ ሠዓሊ ምን ይበላል? ኪዮሳይ በተማረው በሁለቱም ሙያ መሬቱ ከእግሩ ሥር ከዳው።

ወኅኒ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ኪዮሳይ የሚለውን ስሙን እብድ የሚል ትርጉም ባለው ፊደል ነበር የሚጽፈው። ከተፈታ በኋላ የስሙን ድምፅ ሳይነካ ፊደሉን ለወጠ፤ አሁን ትርጉሙ ጎህ ሆነ። ሰው ሲጠራው ልዩነቱ አይሰማም። ፊርማውን የሚያይ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መጠጡን ግን አልተወም። በ1880 ሺንቶሚዛ ለሚባል የካቡኪ ቴአትር ቤት መጋረጃ ሣልልን ተባለ። 17 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ቁመት! እየጠጣ፣ ትልቅ ብሩሽ ይዞ ጨርቁ ላይ እየተራመደ በ4 ሰዓት ጨረሰው። የሣለው የጋኔን ሰልፍ ነው፤ ፊታቸውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የዘመኑን ታዋቂ የካቡኪ ተዋንያን ያገኛቸዋል። ካቡኪ ፊትን በቀለም ይቀባል እንጂ ጭንብል አያደርግም፤ ኪዮሳይ በአንድ ከሰዓት ሁሉንም የጋኔን ፊት አለበሳቸው። መጋረጃው አሁን በቶኪዮ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ሙዚየም ውስጥ አለ።

ከዚያ 1881 መጣ። በኡዬኖ ትልቅ የአገር ውስጥ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ፤ አዎ፣ ያው የታሰረበት ሰፈር። ኪዮሳይ ያቀረበው በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ያለ አንድ ቁራ ነው፤ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በጥቂት የብሩሽ ምት። ዋጋ 100 የን ብሎ ለጠፈበት። ለአንድ ቁራ? ሰው ጉድ አለ፣ ነቀፈውም። እሱ የጠየቀው የቁራውን ዋጋ ሳይሆን እዚያ ለመድረስ የደከመበትን የዓመታት ትምህርት ዋጋ ነው በሚል አልቀነሰም። ሥዕሉ በዘርፉ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ አንድ የታወቀ የጣፋጭ ቤት ባለቤትም በተባለው 100 የን ገዛው። እኛ እንደምናስበው ከሆነ ያ ዋጋ ከግርፋቱ ጋር የተያያዘ ነው። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ መንግሥት ለብሩሹ የራሱን ዋጋ አስቀምጦለት ነበር፤ አሁን እሱ በተራው ተናገረ።

በዚያው ዓመት ኖም እንደገና ቤት አገኘ። ኢዋኩራ ቶሞሚ የተባለው ከፍተኛ ባለሥልጣን ከሌሎች ጋር ሆኖ በቶኪዮ ሺባ የኖ መድረክ አስገነባ።

የኤግዚቢሽኑን የሥዕል ክፍል ያስተናገደውን ሕንፃ የነደፈው ጆሳያ ኮንደር የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው። በ24 ዓመቱ የጃፓን መንግሥት ቀጥሮት መጥቶ፣ ጃፓናውያን ወጣቶችን የምዕራቡን የሕንፃ ጥበብ የሚያስተምር ሰው ነበር። የአገሩ ሊቃውንት ጃፓንን ሊያስተምሩ በመጡበት ሰዓት ይህ ሰው ለመማር ወሰነ፤ ኪዮሳይን መምህሬ ሁን ብሎ ለመነ። ከ1881 ጀምሮ ኪዮሳይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ አስተማረው። ቀለም መፍጨት፣ ብሩሽ አያያዝ፣ ሁሉን ከሀ ጀምሮ። ኪዮሳይ የየዕለቱን ውሎ በሥዕል የሚመዘግብበት ማስታወሻ ነበረው፤ ኮንደር እዚያ ላይ ደጋግሞ ብቅ ይላል። አብረው ወደ ኒኮ ተጓዙ። መምህሩም የሠዓሊነት ስም ሰጠው፦ ኪዮኤይ። የመጀመሪያው ፊደል የራሱ የኪዮሳይ ጎህ ነው፣ ሁለተኛው እንግሊዝ ማለት ነው።

ሌሎችም ፈረንጆች መጥተው ያዩት ነበር። ፈረንሳያዊው ሠዓሊ ፌሊክስ ሬጋሜ በ1876 ቤቱ መጥቶ ሁለቱ እርስ በርስ ሲሣሣሉ ውለዋል። ከኮንደር ጋር የነበረው ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ዓለም እየተለወጠበት ላለ ሰው፣ ከዚያው ከሚለውጠው ዓለም የመጣ አንድ ወጣት ፊቱ ተንበርክኮ ቀለም ሲፈጭ ማየት ምን ስሜት እንደሰጠው መገመት አያቅትም።

ኪዮሳይ በሆድ ካንሰር ታመመ፤ ሚያዝያ ወር፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 1889 አረፈ። 57 ዓመቱ ነበር። ኮንደር አልጋው አጠገብ ነበር።

ከሞተ በኋላ ለረጅም ጊዜ አገሩ ላይ ስሙ ደበዘዘ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኛን ያሳመነን ግን ለመመደብ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ካኖዎቹ የሕዝብ ሕትመት የሚሠራ፣ በመጠጥ ቤት የሚሥል ሰው ነው ይሉታል። የሕትመት ወዳጆቹ ደግሞ የቤተ መንግሥት ትምህርት የተማረ ነው ይሉታል። ቀልደኛም ነው፤ ቀልደኛ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚከበረው። ስሙን ውጭ አገር ያቆየለት ኮንደር ነው፤ በ1911 ስለ መምህሩ ሥራና አሠራር የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ።

ቤት ውስጥ ያቆየችው ደግሞ ልጁ ናት። ኪዮሱይ ትባላለች። ገና በ5 ዓመቷ ብሩሽ ያስያዛት አባቷ ነው፤ አድጋ በሴቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረች፣ እስከ 1935 ኖረች። በአባት ጥላ ሥር ሠዓሊ ሆኖ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚተርክ፣ በእሷ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ልቦለድ በ2021 ናኦኪ የተባለውን ትልቅ የጃፓን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። የእሷ የልጅ ልጅ ደግሞ በ1977 በሳይታማ ክፍለ ሀገር ዋራቢ ከተማ የኪዮሳይን ሙዚየም ከፈተች። በቤተሰቡ እጅ የቀሩት ንድፎችና ረቂቆች የሚገኙት እዚያ ነው።

በ1993 የብሪቲሽ ሙዚየም ትልቅ ትርኢት አዘጋጀለት። በ2013 ደግሞ ቶኪዮ የሚገኘው የሚትሱይ መታሰቢያ ሙዚየም የኖና የኪዮጌን ሥዕሎቹን ብቻ ለይቶ አሳየ። ያቺ ለትምህርቱ የከፈሉለት እመቤት ገንዘብ ፍሬው ይህ ነው ብንል አናጋንንም።

እንቁራሪቷን አልረሳናትም። ቶኪዮ ያናካ ሰፈር፣ ዙይሪንጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግቢ ነው የተቀበረው። መቃብሩ ላይ እንደሌሎቹ የተጠረበ ረጅም ድንጋይ አልቆመም። እንቁራሪት የሚመስል ድንጋይ ነው የተቀመጠበት።